የእትዬ ሄድቪግ ተራ

«ጭንቅላታችሁን ጠብቁ!» አለች ሮንያ፣ በዝቅተኛው የድንጋይ በር ሥር እያለፈች። «ይህን በር የሠሩት ሰዎች ከእኔም ያጥሩ ነበር።»

እንግዶቹ እየሳቁ አጎነበሱ። ከሽርሽር መርከቧ አሁን መውረዳቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዶችን ከሞዘል ወንዝ ዳር ተቀብለው ወደ ወይን ጠማቂዎቹ ግቢ የሚያደርሱት ሮንያና የክፍሏ ልጅ ቲል ናቸው። ከበሩ አልፎ ባለው ግድግዳ ላይ የጎርፍ ምልክቶች ተቀርጸዋል። አንዲት ሴትዮ ከላይኛው ምልክት ሥር ቆመው አንጋጠጡ።

«ውሃው እውነት እስከዚህ ደርሶ ነበር?»

«ደርሷል እንጂ! አያቴ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የሄደው በመስኮት ወጥቶ በጀልባ ነው» አለች ሮንያ።

«ያም ሆኖ አርፍዶ ነበር» አለ ቲል ከኋላ።

በዚህች ከተማ ወይን ጠማቂዎች ግቢያቸውን ከፍተው ለእንግዳ ወይንና ምግብ የሚሸጡት በየተራ ነው። ባለተራው ከበሩ በላይ የቅርንጫፍ መጥረጊያ ይሰቅላል። መጥረጊያ ካለ ማንም ይገባል፤ ከሌለ ንጉሥም ቢሆን አያንኳኳም። የሚሰቅለውም የቤቱ ባለቤት እንጂ የጎረቤት እጅ አይደለም።

ዛሬ ተራው የእትዬ ሄድቪግ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ አንስጋር በበረዶው ወራት ካረፉ ወዲህ ግቢው ሲከፈት ይህ የመጀመሪያው ነው። «ነገ ሰው ካልገባልኝ የወይን እርሻውን ሸጬ ልጄ ጋ እገባለሁ» ብለው ትናንት ለሮንያ እናት ሲነግሯት ሮንያ ሰምታለች።

እደጃቸው ሲደርሱ ከበሩ በላይ ያለው መንጠቆ ባዶ ነበር።

«አየሽ? አልከፈቱም» አለ ቲል በሹክሹክታ። «በቃ፣ እኛ ጋ እንውሰዳቸው።»

«የጋገሩት የሽንኩርት ኬክ እዚህ ድረስ ይሸታል እኮ!»

«ሽታ መንጠቆ ላይ አይሰቀልም! ያለፈው ሳምንት የኛ ተራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ አባዬ ከድመታችን ጋር ተፋጥጦ ዋለ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ይህ ቤት ዘንድሮ ተዘግቷል። ኑ፣ እኛ ጋ ጥሩ ጥላ አለ!»

«ኧረ ቲል!» አለች ሮንያ። እሱ ግን እንግዶቹን አስከትሎ መንገድ ጀምሯል።

ሮንያ በጎን ያለችውን ትንሽ በር ገፋ አድርጋ ገባች። ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ብርጭቆዎቹ ተወልውለው ያበራሉ። እትዬ ሄድቪግ በደንብ የተተኮሰ ሽርጥ አድርገው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ልጄ» አሉ። «እደጄ ይቆማሉ፣ ያወራሉ፣ ያልፋሉ። ያለ አንስጋር ማን ሊገባ!»

መጥረጊያው ከትልቁ በር ጀርባ ተደግፎ ቆሟል። ቅርንጫፉ ትኩስ ነው፤ በሰማያዊ ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ሮንያ ወዲያው ገባት። ኬኩን የሚጋግሩት ሁልጊዜ እሳቸው፣ መጥረጊያውን የሚሰቅሉት ሁልጊዜ ጋሽ አንስጋር ነበሩ። ራሷ ቶሎ ሰቅላው ብትመለስ ማንም አያይም። ብትነግራቸው ደግሞ... እጇን ወደ መጥረጊያው ሰደደችና መለሰችው።

«እትዬ፣ መጥረጊያው አልተሰቀለም።»

እትዬ ሄድቪግ መጥረጊያውን አዩት። አንድም መጨማደድ የሌለበትን የጠረጴዛ ጨርቅ በእጃቸው አስተካከሉ።

«እሱ ነበር...» ብለው አቀረቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሮንያ ደነገጠች። ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነበር። «አይ እኔ! እዚህ ተጎልቼ ሰውን ስወቅስ!»

«ልስቀለው?»

«አንቺ? ከተማው ምን ይለኛል! ይልቅ በርጩማውን ያዥልኝ። ብወድቅ መጀመሪያ ኬኩን አድኚ።»

መጥረጊያው እንደተሰቀለ ሮንያ ሮጠች። እንግዶቹ ቲል ቤት በር ላይ ቆመዋል፤ ቲል የራሳቸውን መጥረጊያ ታቅፎ መሰላል ይጠብቃል።

«የእትዬ ሄድቪግ ግቢ ተከፍቷል» አለች ሮንያ እያለከለከች። «የዛሬው ተራ የሳቸው ነው።» ሌላ አልጨመረችም።

የቲል ጆሮ ቀላ። «አዋረድሽኝ» አለ፣ እንግዶቹ ሲመለሱ።

«ማኩረፉን ለነገ አቆየው። አሁን ትሪ የሚሸከም ሰው እንፈልጋለን።»

ጥቂት አንገራግሮ ተከተላት።

ከሰዓት በኋላ በግቢው ባዶ ወንበር ጠፋ። የመስከረም ፀሐይ ብርጭቆዎቹ ላይ ታበራለች። አንድ ባለ ቀይ ጢም ሰውዬ ሦስተኛ ቁራጭ ኬክ አዞ ሚስቱን ሲለማመጥ ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። እትዬ ሄድቪግ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ሽርጣቸው እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋል።

ከጎርፉ ምልክት ሥር ቆመው የነበሩት ሴትዮ የእትዬ ሄድቪግን እጅ ያዝ አደረጉ። «ይህን ኬክ ሳንቀምስ ልንሄድ ነበር እኮ! ዘንድሮ ተዘግቷል ተብለን።»

«ተዘግቷል? ማን ነው ያለው?»

እትዬ ሄድቪግ ዓይናቸውን ወደ ሁለቱ ልጆች አዞሩ። ቲል የሞላ ትሪ እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ ሮንያን በዓይኑ ለመናት። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ «በደንብ ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል።

አላለችም። ወደ ቲል ተጠግታ ትሪውን ከእጁ ተቀበለችና ከግድግዳው ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ሳለ፣ ከኋላዋ ቲል ጉሮሮውን ጠርጎ «እትዬ፣ እኔ ነኝ...» ሲል ሰማች።