ታደለ የተቀበረበት ጉድጓድ

ጸሎት ተአምር ይሠራል ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን የምሄደውም ለሰርግና ለቀብር ነው፣ አሁን የማጫውትህን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «ምን ቅሞ ነው?» ብዬ አልፈው ነበር፣ ግን እመነኝ፣ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

አስኮ ነው ቤቴ። ጎረቤቴ ታደለ ግቢው ውስጥ ብቻውን የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፍር ነበር፣ ዝናቡ መሬቱን አርሶታል፣ «ታዴ፣ ተው ትንሽ ይድረቅ» ብለው «ጨርሻለሁ እኮ!» አለኝ። ከምሳ በኋላ ከባድ ነገር የተዘረገፈ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የሚስቱ የአስቴር ጩኸት ተከተለ። ሮጬ ስደርስ ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም፣ ጭቃ ብቻ።

የሰፈሩ ወንድ አካፋ ይዞ መጣ። እኔና ባለሱቁ ሸምሱ መሃሉን ይዘን ቆፈርን፣ ያወጣነውን ያህል ጎኑ እየተናደ መልሶ ይሞላዋል። ፀሐይዋ ወደ ቡራዩ ስታዘቀዝቅ አንድ ሽማግሌ አስቴርን «ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሏት፣ ይሄኔ አካፋው ሁሉ ቆመ።

«ማን ሞተና ነው የሚያጽናኝ?» አለች። «አባባ፣ ሬሳ ለማውጣት ከሆነ የምትቆፍሩት ይቅርብኝ። ሰው ለማውጣት ከሆነ ቆፍሩ!»

ከዚያ ማንም በማይቆፍርበት በአጥሩ በኩል ሄዳ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ልመና እንዳይመስልህ፣ «ስላወጣህልኝ አመሰግንሃለሁ» ነው የምትለው፣ ሰውየው ገና ሳይወጣ! «አሜን» አለች።

ኳ።

አካፋዬ ድንጋይ የነካ መሰለኝ፣ ግን አካፋዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። «አሜን» አለች ደግማ። ኳ፣ ኳ። በር ሲንኳኳ ዓይነት ድምፅ ነው፣ የሚመጣው ከጉልበቷ ስር። ሸምሱን ዞር ብዬ አየሁት፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ወላሂ ሰምቻለሁ።»

አስቴር ዓይኗን እንኳ ሳትገልጥ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለችን።

እሷን አስነስተን እዚያው ቆፈርን፣ ስንደክም በእጃችን ዛቅን፣ የጉድጓዱን ጎን የደገፈበትን ጣውላ አገኘን፣ ከጣውላው ስር የታደለ ፊት አለ፣ ራሱን ስቷል፣ ግን ይተነፍሳል! ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። አንተ ግን ይሄን ልብ በልልኝ፣ ሁለቱም እጆቹ እስከ ትከሻው ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ነበር፣ እነሱን ለማስለቀቅ ራሱ ስንት ደከምን። እኔና ሸምሱ ተያየን።

ጉድጓዱን ሌላ ሰው እንዳይገባበት በማግስቱ ደፈንነው። ታደለ የነቃው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቤቴል ክሊኒክ ተኝቶ። ውሃ ጠጣና እኔን አየኝ።

«እሱንስ አወጣችሁት?»

«ማንን?»

«አብሮኝ የነበረውን።»

«ታዴ፣ ብቻህን እኮ ነበርክ» አልኩት። አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ፣ አስቴር ግን ምንም ሳይገርማት ብርድ ልብሱን አስተካከለችለትና «ተኛ በቃ» አለችው።

ስመለስ እግሬ ግቢያቸው ወሰደኝ። የደፈንነው አፈር ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ምንም የለም። «አሜን» ልል አፌን ከፈትኩ፣ እና እውነቱን ልንገርህ፣ መልስ ቢመጣስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።