ምዕራፍ ሰባትን የጻፈው ሰው

ሰው መልኩን ሳያዩት በአጻጻፉ ብቻ ይወደዳል እንዴ? እኔ ሮዛሊ ወድጃለሁ፤ ያውም የመመረቂያ ጽሑፌ ማስረከቢያ ደርሶ እያስጨነቀኝ።

ጽሑፌ ስለ ሐይቃችን በረዶ ነበር። በላይብረሪው ዳታቤዝ «ስንጥቅ» ብዬ ስፈልግ አንድ ኢ-መጽሐፍ መሃሉ ላይ ተከፈተልኝ፤ ምዕራፍ ሰባት። ጸሐፊው ልጅ ሳለ፣ ከአሮጌው የመርከቦች መብራት ማማ ፊት ለፊት በረዶው ላይ ቆመው፣ አባቱ ከእግራቸው ሥር የሚመጣውን ድምፅ እንዴት እንዳስተማረው ይተርካል። ወይ ጉድ! እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ምን ዓይነት ይሆን? «ዋቢ ቅዳ» የሚለውን ቁልፍ ስጫን የፕሮፌሰር ሃልቨርሰን ስም ወጣ። ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው።

«አይ ዕድሌ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሶኬት የምንጋራው ልጅ ቀና አለ። አርቮ ኒስካነን ይባላል፤ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ላይብረሪው መስኮት ሥር ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ፐርሺያን የሚሉትን ሮዝ ክሬም የተቀባ ጣፋጭ ዳቦውን ሁሌ ቆርሶ ያካፍለኛል።

«ደግሞ ምን ተገኘ?»

አነበብኩለት። «ስማ እስቲ! ዕድሜያቸው ባይገፋ ኖሮ ሃልቨርሰንን አገባቸው ነበር!»

ጆሮው ቀላ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «መልካም ጋብቻ» ብሎኝ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። የናፈቀኝ ፐርሺያኑ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱ ራሱ ነው። ግን ምን አጠፋሁ?

መልሱን ያገኘሁት ከአማካሪዬ ከዶክተር ፔልቲየር ነው። ረቂቄን ሲመልሱልኝ፣ «ሃልቨርሰን የመጽሐፉ አርታኢ ናቸው እንጂ ምዕራፉን አልጻፉም። በዋቢ ቁልፉ አትተማመኚ፤ የምዕራፉን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቺ» ብለው ጽፈውበት ነበር።

ከፈትኩ። ከርዕሱ ሥር «አርቮ ኒስካነን» ይላል።

ክው አልኩ። ሌላ የት ሊሆን ይችላል? ካፖርቴን እንኳ ሳልቆልፍ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። አርቮ መብራት ማማው ፊት ለፊት፣ በረዶው ላይ ቆሟል።

«አንተ! ለምን አልነገርከኝም?»

«እስካሁን ምዕራፉን የጠቀሰ ሁሉ በሃልቨርሰን ስም ነው የጠቀሰው። ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን…» ጫማውን አየ። «አባቴ ሞቷል፣ ሮዛሊ። ስለሱ የጻፍኩት ያንን ምዕራፍ ብቻ ነው። ካንቺ አፍ የሌላ ሰው ስም ስሰማ ከፋኝ። ደግሞ ቀናሁ።»

«በማን? በሰባ ዓመት ሽማግሌ?»

«በቃ፣ ሳቂብኝ!»

አልሳቅኩም። ስልኬን አውጥቼ ያስተካከልኩትን ዋቢ አሳየሁት፤ መጀመሪያ የሱ ስም፣ ከዚያ የምዕራፉ ርዕስ፣ ሃልቨርሰን ከኋላ በአርታኢነታቸው። ደጋግሞ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በረዶው ከሥራችን አጉረመረመ። ደንግጬ ክንዱን ያዝኩት።

«አይዞሽ፣ ሲጠነክር ነው እንደዚህ የሚጮኸው።»

«አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ» አልኩ። ክንዱን ግን አልለቀቅኩም።

«ያ… ስለ ማግባት ያልሽው ነገር» አለ ቀስ ብሎ። «ዋቢውን ስታስተካክዪ እሱንም ሰረዝሽው?»

«አልሰረዝኩትም» አልኩት። «ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት።»