በኮቴ ኪስ የቀረው ክኒን

ክቡራን አንባቢያን፣ የምጽፈው የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ብዕሬ በቀለለኝ ነበር። የራሴ ነው።

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛዋን አንድ ጊዜ በሜትር ከለካች ደብተር አትፈልግም ነበር። ከዓመታት በኋላ የተመለሰውን ሰው ገና ከበሩ ሳያልፍ፣ «ወገብዎ ሁለት ጣት ጨምሯል፤ ማን ነው እንዲህ የሚቀልብዎ?» ብላ ታስቀው ነበር።

የሳንባ ካንሰር እንደያዛት ሲታወቅ፣ በቤታችን ልማድ ክፉ ዜና ታላቁ ዘንድ ይቀራልና፣ «ሳንባ ምች ነው» አልኋት። በሽታው ወደ አንጎሏ በተዛመተ ጊዜ ሐኪሟ ለብቻዬ አስጠራችኝ።

«አባቴ፣ ጭንቅላቷ ላይ ጨረር እንሰጣታለን። ጨረሩ የማስታወስ ችሎታን ይጎዳል። ሆኖም ለማስታወስ የምታገለግለውን ትንሽ የአንጎል ክፍል እንዳይመታ አድርገን ማቀድ እንችላለን፤ የሚያግዝ ክኒንም አለ። ፈጽሞ አትጎዳም አልልዎትም፤ ጉዳቱ ግን ይቀንሳል። አስቀድሜ እርሷን ላነጋግራት።»

«የበሽታውን ስም ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች! የራስ ምታት ሕክምና ነው እላታለሁ። ያኛው እርሷን ሳያነጋግሩ የማይሆን ከሆነ ተራውን ጨረር ስጧት፤ እኔ እፈርማለሁ።»

«አእምሮው እኮ የእርሷ ነው!»

«እህቲቱስ የማን ናት?» አልሁ በኩራት።

ፈረምሁ። ሐኪሟ ክኒኑን እንኳ እንድሰጣት በእጄ አስያዘችኝ። እህቴ ግን የመድኃኒት ወረቀት ሳታነብ የማትውጥ ሰው ናት። ስለዚህ ክኒኑን በኮቴ ኪስ ደበቅሁት።

ጨረሩን ከወሰደች ከወራት በኋላ፣ በስፌት ቤቷ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ለካችው፤ ሜትሩን ጠቀለለች፤ ቀና ብላም፣ «እንኳን ደኅና መጡ፣ ልለካዎት?» አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትለካው ሰውየው ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔ ወደ መሬት።

«ጋሼ፣ ምን ሆኜ ነው?» አለችኝ ሰውየው ሲወጣ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋት። በድንጋጤ አልሞተችም። አለቀሰችና፣ «ብትነግረኝ እኮ እውጠው ነበር። ይህን ያህል ፈሪ መስዬህ ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ «ጋሼ፣ ምን ሆኜ ነው?» አለችኝ።

አንዴ መንገር የፈራሁትን ዛሬ በየማለዳው እነግራታለሁ፤ እርሷም በየማለዳው እንደ አዲስ ትሰማዋለች። ወገኖቼ፣ ሐኪም ለታማሚው ሊናገር ሲነሣ በመካከል አትቁሙ። ምን እንደሚጠበቅለትና ምን እንደሚያጣ የሚመርጠው ባለቤቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት እጄን ይዛ ይቅር ብላኝ ነበር። እርሷ አታስታውሰውም።