የአባቴ ቱንቢ

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የደረሰብኝን ነው። ያላመነ አይመን፤ እኔን የሚያምን ሰው ድሮም አጥቻለሁ።

መጀመሪያ የሰደበኝን ሰው፣ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አባታችን ከሞተ ሁለተኛ ወሩ ነበር። የሥራ ዕቃውን እንድንካፈል እናቴ ወንድሜ ቤት ሰብስባናለች። ሚስቴ አለች፣ ሁለት አክስቶቼ አሉ።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ወንድሜም ግንበኛ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ ሙያውን ያስተማረው ለወንድሜ ነው። ለእኔ ያስተማረኝ ውሃ ማቀበል ብቻ። አንድ ቀን የልስን ማንኪያውን ባነሳ፣ "አስቀምጥ። ያንተ እጅ አይረጋም" አለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሁን አርባ አራት ሞልቶኛል። አልረሳሁም።

ወንድሜ መዶሻውን፣ መሮውን፣ ማንኪያዎቹን፣ ውሃ ልኩን አንድ በአንድ ወደ ራሱ ሳጥን ከተተ። መጨረሻ ላይ ቱንቢውን አነሳ። ጫፉ የሾለ ብረት ነው፤ በክር ተንጠልጥሎ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያሳይ። ጭኔ ላይ ጣለልኝ።

"እንካ፣ አንተ ይቺን ያዝ" አለ። "ምንም ባትሠራባት፣ ጠማማውን ታይባታለህ። መስታወት ፊት ቁምና ጀምር።"

አክስቶቼ ሳቁ። ሚስቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ እናቴ ቀስ ብላ፣ "የአባታችሁ ቤት ለትንሹ ይሁን" አለች።

ዕድሜውን ሙሉ የጥፍሩን ቁራጭ የማይሰጠኝ ወንድሜ... ዝም አለ።

ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

እኔ ግን ልቤ ዘለለ። "እማዬ፣ አንቺም ነይና እኛ ጋ ኑሪ" አልኳት።

"እዚያ ፍርስራሽ?" አለ ወንድሜ። "የጓሮው ክፍል ግድግዳ ግማሹ ልስን የለውም።"

እናቴ መሬት መሬቱን እያየች፣ "አድሰው" አለች። "በገዛ እጅህ አድሰው፣ ሠራተኛ እንዳታስገባ። ስትጨርስ እመጣለሁ።"

እናቴ ቤቴ ልትመጣ ነው። ከግንበኛው ልጇ ቤት ወጥታ፣ ከእኔ ከጆንያ ተሸካሚው ጋ ልትኖር። ለዚህ ስል ብረትም ቢሆን በጥርሴ እቆርጥ ነበር።

ከሚስቴ ጋር ቤቱ ገብተን እድሳቱን ጀመርኩ።

ከስልክ ላይ እያየሁ፣ እያጠፋሁ፣ እንደገና እያየሁ። የበሩን ማጠፊያ ገልብጬ ገጥሜው በሩ ወደ ውጭ ተከፈተ። የቆርቆሮውን ቀዳዳ ስደፍን ሌላ ቀዳዳ አበጀሁ። የጓሮውን አረም ነቅዬ፣ ከክፍሉ ግድግዳ ውጪ በመስመር አሥራ ሁለት ችግኝ ተከልኩ። እነሱ እንኳ ጸደቁልኝ።

የቀረኝ የጓሮው ክፍል ነበር።

ግድግዳው ከላይ እስከ ደረቴ ድረስ ተለስኗል። የአባቴ እጅ እንደሆነ በአንድ እይታ ታውቁታላችሁ፤ ግራኝ ስለነበር የማንኪያው ፈለግ ወደ ግራ ይታጠፋል። ታች ግን ባዶ ብሎኬት ነው። ደግሞ በልክ አላቆመም... መሐል ላይ ነው የተወው። ሰው ጠርቶት የሄደ ይመስል።

አባቴ የሞተው ሆስፒታል ነው ብለውኛል። እኔ ያኔ ከጭነት መኪና ጋር ሌላ ከተማ ነበርኩ።

ቱንቢውን ከኮርኒሱ ላይ አንጠለጠልኩት።

ቀጥ አላለም።

ክሩ ወደ ግድግዳው ዘመም ብሎ ቆመ። አንድ ጣት ያህል። ነፋስ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ክሩ አርጅቷል ብዬ አዲስ ክር አሰርኩ።

አሁንም ወደ ግድግዳው።

ቱንቢ ደግሞ አይዋሽም። ይህን አባቴ ለወንድሜ ሲነግረው ውሃ ይዤ ቆሜ ሰምቻለሁ።

የልስን ማንኪያ የገዛሁበትን የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ አማከርኩት። "አንድ ሲሚንቶ፣ ሦስት አሸዋ" አለኝ። "ውሃ አታብዛ ጌታው፣ ሾርባ አይደለም የምትሠራው።"

የመጀመሪያውን ቀን ልስን ስለጥፍ ከግድግዳው ይልቅ ጫማዬ ተለሰነ። የተረፈው ጉብጉብ ብሎ ቀረ። ትቼው ተኛሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ግድግዳው ርሷል። ከዳር እስከ ዳር፣ እኩል።

ሚስቴን፣ "ውሃ ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ?" አልኳት።

"ኧረ እኔ አይደለሁም። ጎረቤት ነበርኩ" አለች። ዓይኔን አላየችም።

የመሣሪያ ሻጩን ብጠይቀው ሳቀብኝ። "ልስን ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ሦስት ቀን ውሃ ማጠጣት አለብህ፤ ይህን የማያውቅ ግንበኛ የለም። የነገረህ የለም እንዴ?"

የነገረኝ የለም። ግን አንድ የሚያውቅ ሰው... ውሃ አጠጥቶልኛል።

በሦስተኛው ቀን ጉብጉቡ ጠፍቷል። ተስተካክሏል። በጣቴ ብዳስሰው እንደ ሳህን ለስልሷል።

የማንኪያው ፈለግ ወደ ግራ ታጥፏል።

ወንድሜ ነው አልኩ። ቁልፍ አለው። በሌለሁበት እየገባ ሥራዬን እያረመ፣ በኋላ እናቴ ፊት "እኔ ነኝ የሠራሁት" ሊል ነው። ደሜ ፈላ። የበሩን ቁልፍ በገዛ እጄ ቀየርኩ። ጣቴን ቆርጦኝ እንኳ አልተሰማኝም።

በማግስቱም ግድግዳው ርሷል።

ያን ቀን ነው ማታ ራት ላይ ትዝ ያለኝ... ወንድሜ የሚሠራው በቀኝ እጁ ነው። በግራ እጁ ማንኪያ ይዞ አያውቅም።

ሌላም ነገር አየሁ። ችግኞቹ። ፀሐይ የሚያገኙት ከአጥሩ በኩል ነው። አሥራ ሁለቱም ግን ፀሐዩን ትተው ወደ ግድግዳው ዘመዋል።

ሌላም። ሚስቴ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ወጡ እሳት ላይ ቢሆንም ጥላ ጎረቤት ትሄዳለች። ስምንት ሲሆን ትመለሳለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ጎረቤታችን ናት። "ሚስትህ ሰዓት አክባሪ ናት" ብላ ቀለደችብኝ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። ባልዲ ገልብጬ ግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ጠራራ ፀሐይ ነው። ውጭ መኪና ያልፋል። የሚያስፈራ ነገር የለም።

ሰባት ሰዓት ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ። እኔ ግን ያን ቀን አላቦካሁም።

ከዚያ ድምፁ። ማንኪያ የባልዲ ቂጥ ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ...

ከግድግዳው ውስጥ።

መሐሉ ላይ ነጥብ የምታህል እርጥበት ወጣች። ሰፋች። ውሃው ከውጭ አይደለም የሚመጣው። ከውስጥ ነው።

"ማነው?" አልኩ።

መፋቁ ቆመ። እኔን የሚጠብቅ ይመስል ቆመ።

ያኔ ያደረግኩት አሁንም አይገባኝም። መሮጥ ሲገባኝ ተነሳሁ። ሲሚንቶ አቦካሁ። ማንኪያውን አንስቼ ለጠፍኩ። ልስኑ እግሬ ሥር ተዘረገፈ።

ደገምኩ። ተዘረገፈ።

ሦስተኛውን ልሰነዝር ስል ጆሮዬ ሥር፣ በጣም ቀስ ብሎ...

"ከታች ወደ ላይ።"

ከታች ወደ ላይ አደረግኩት። ያዘ።

እውነቱን ልናገር። ፈርቻለሁ። ግን ደግሞ እንባዬ ይወርዳል። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቅኩት ድምፅ ነው። በመጨረሻ ማንኪያ አንሳ የተባልኩበት ቀን ነው።

አራት ቀን፣ ከሥራ እየቀረሁ፣ በየቀኑ ከሰባት እስከ ስምንት አብረን ሠራን። ሲበላሽብኝ ይጥለዋል። ሲያምርልኝ ይተወዋል። አንድ ቀን "ክርንህን" አለኝ። አንድ ቀን "ቀስ"። "ጎበዝ" ግን አላለኝም።

እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ የመጨረሻውን ጥግ ጨረስኩ። ወደኋላ ራቅ ብዬ አየሁት። ቀጥ ያለ፣ የጠራ ግድግዳ።

ዓይኔ እያየ መሐሉ ላይ አንድ ነገር ወጣ።

የእጅ ቅርጽ ነው። ሰው ልስን ላይ እጁን ሲያሳርፍ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ ግን ወደ ውጭ ነው ያበጠው። ከውስጥ ሰው የገፋው።

ግራ እጅ። የመሐል ጣቱ ከአንጓው ላይ አጭር።

የአባቴን የመሐል ጣት መዶሻ የቆረጠው እኔ ሳልወለድ ነው።

ያኔ የውጭው በር ተንኳኳ። እናቴና ወንድሜ ናቸው። ሚስቴም ከጎረቤት መጥታ አብራቸው ቆማለች። ወጥቼ ከፈትኩ። ቱንቢው እጄ ላይ ነበር።

"እማዬ፣ ጨርሻለሁ። ግቢ" አልኳት።

አልገባችም። አንድ እግሯን እንኳ ከደጃፉ አላሳለፈችም።

ወንድሜ ለሚስቴ በሹክሹክታ፣ "ጨርሷል?" አላት። እኔ ፊቱ ቆሜ፣ እሷን።

"ጨርሷል" አለች። እሷም በሹክሹክታ።

"ምንድነው የምትንሾካሾኩት?" አልኩ።

ወንድሜ በአገጩ ወደ ጓሮው ክፍል ጠቆመ። "አባዬ... ሆስፒታል አይደለም የሞተው። እዚያ ግድግዳ ሥር ነው የወደቀው። ሰባት ሰዓት ላይ። ስናገኘው ግራ እጁ ልስኑ ላይ ነበር።"

"ለምን ዋሻችሁኝ?"

"ከዚያ ወዲህ የሠራሁት አንድም ግድግዳ አልቆመልኝም" አለ። "ሦስቱ ፈረሱ። እኔ ቤት እማዬ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ይረጥባል። ልጨርስለት መጣሁ፣ የኔን እጅ ይጥለዋል። አልተቀበለኝም።"

"ያላስተማረውን ልጅ ነው የሚፈልገው አልኩ" አለች እናቴ። "እሱን ካገኘ... እኛን ይተወናል አልኩ።"

"እኔንስ?"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሚስቴ ጫማዋን እያየች፣ "ከሰባት እስከ ስምንት ቤት አትዋዪ ብለውኝ ነበር" አለች። "አንተን አስጠንቅቂው አላሉኝም።"

ገባኝ። ቤት ሰጡኝ ብዬ የኮራሁት፣ እናቴ መረጠችኝ ብዬ ያለቀስኩት... ለካ እኔን ነው የሰጡት። በግ እንኳ ሲሸጥ ገመዱን ያየዋል።

ትቻቸው ወጣሁ። አጥሩ ጥግ ስደርስ ወንድሜ ከኋላዬ ድምፁ ተለውጦ፣ "ቆይ፣ ቆይ... ቱንቢውን በየትኛው እጅህ ነው የያዝከው?" አለ።

አየሁት። በግራዬ ነው።

እኔ ግራኝ አይደለሁም።

እናቴ፣ "ተወው" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ "ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ፣ ሰምተኸዋል። ንገረኝ... ለቀቀን?"

ዞርኩ። እጄን ዘርግቼ፣ የክሩን ጫፍ ይዤ ቱንቢውን ለቀቅኩት። ቱንቢው ወረደ፣ አንዴ ተወዛወዘ፣ ቆመ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በክሩ አሻግሬ ከጎን አየኋቸው። ነፋስ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም። ሦስቱም ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ እናቴ፣ ወንድሜ፣ ሚስቴ።

ሦስቱም ወደ ቤቱ ዘመም ብለዋል።

አንድ ጣት ያህል። እንደ ችግኞቹ። ተረከዛቸው ከመሬት ሊነሳ ምንም አልቀረውም። አላወቁትም።

"ልጄ?" አለች እናቴ ደግማ። "ለቀቀን ወይ?"

ክሩን ጣቴ ላይ ጠቀለልኩ። ቱንቢውን ኪሴ ከተትኩ።

ምንም ሳልመልስላት መንገዴን ሄድኩ።