በየትኛው ልክፈተው?

«ታዲያ ሚኤሶ ካልሄድሽ የት ዋልሽ?»

ሚካል የእናቷን ጣት ተከትላ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው። የቤተ ክርስቲያኑ ኳየር ሚኤሶ ሄዶ የተነሳው ፎቶ ነው። ሁሉም ያሉ ይመስላል። መሪያቸው ጌዲዮን እንኳ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን አለ። እሷ ግን የለችም።

«ሄጃለሁ እኮ እማዬ። ቀነኒን ጠይቂያት።»

ታላቅ እህቷ ቀነኒ ከምታጥፈው ልብስ ቀና አላለችም። «ሰው ብዙ ነበር፤ አላስተዋልኩም።»

ሚካል ወደ እህቷ ዞረች። ከጭሮ እስከ ሚኤሶ በአንድ ወንበር ተጣበው ሄደው፣ አንድ ሐብሐብ ለሁለት በልተው፣ አላስተዋልኩም?

«ማሊፍ፣ ለምን ትዋሺኛለሽ?» አሉ እናቷ ወይዘሮ ሳህሊቱ። «በይ፣ ቅዳሜ ገለምሶ መሄድ የለም።» ይህን ብለው ወጡ።

ገለምሶ ላይ ሚካል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትዘምር ነበር። ሁለት ወር ስትለማመድ መዝሙሩን እሷ ሳትይዘው ጎረቤቱ ሁሉ ሸምድዶታል።

እንግዲህ በዚያ ቤት ኮምፒዩተሩ አንድ፣ ፎቶ ማያ ፕሮግራሙ ሁለት ነው። ቀነኒ ፒካሳ አስጭናለች፤ ፊት ታፈካበታለች፣ ዳር ዳሩን ትቆርጥበታለች። ሚካል ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣውን ነው የምትወደው። ቀነኒ ስሙን «ፋራው» ብላዋለች።

ሚካል እናቷ በፒካሳ ያዩትን ያንኑ ፎቶ በፋራው ከፈተችው። ፒካሳ የቆረጠውን ለራሱ ይይዛል እንጂ ዋናውን አይነካም። ይኸው፣ በቀኝ ዳር ቡናማ ሹራቧን ለብሳ ጥርሷን ገልጣ ቆማለች። በእሷና በቀነኒ መካከል ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማረው አብዲሳ አለ። የቀነኒን እጅ ይዟል። ይዟል ብቻ አይደለም፤ ጣት በጣት ነው።

ገባት። እሱ ሲቆረጥ እሷም አብራ ሄዳለች። መቆረጡንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ያቺን «አላስተዋልኩም» ነው።

«ቀነኒ፣ ነይ እዪ።»

ቀነኒ አየችና በሩን ገፋ አደረገችው። «ዝጊው ባክሽ። እማዬ ካየች ከኳየሩ ታስወጣኛለች።»

«እኔስ? አጠገቤ ቆመሽ ውሸታም ተባልኩ እኮ።»

«ትረሳዋለች ብዬ ነዋ። ገለምሶ እንደሆነ ሌላ ጊዜ አለ።»

«አብዲሳም እንደሆነ ሌላ ጊዜ አለ» አለች ሚካልና ፎቶውን ዘጋችው።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ሳህሊቱ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ገቡ። «ያን ፎቶ እስቲ ደግሜ ልየው።»

ሚካል ማውሱን ያዘች። ወደ እናቷ አልዞረችም፤ የዞረችው ወደ ቀነኒ ነው።

«በየትኛው ልክፈተው? በፒካሳው ወይስ በፋራው?»

ቀነኒ የታጠፈውን ልብስ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ወይዘሮ ሳህሊቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«እኔ ምን አውቅላችኋለሁ» አሉ። «ሁለቱም ልጆቼ ያሉበት ካለ እሱን ክፈቱት።»