ከፕላስተሩ ስር ያለው ቋጠሮ

ሬሳው ከመድረኩ ግርጌ፣ ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ዝነኛው የቴሌቪዥን ተዋናይና ዳንሰኛ፣ ሕዝቡ «ንፋሱ» የሚለው ሰው፣ በጠዋት ልምምድ ላይ ከሦስት ሜትር ከፍታ በገዛ እግሩ ተራምዶ ወደቀ። ካሜራው ሁሉንም ቀርጾታል። ስቱዲዮው ውስጥ የቀሩት ሰዎች ከፍርሃት የተነሳ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

መርማሪዋ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ዐይኗን አያማትም። ዳይሬክተሩ ገና ሳትጠይቀው ቀደማት።

«ነገሩ ግልጽ ነው። ከየት ተነስቶ እንደሚደንስ የሚያሳየውን ፕላስተር ወለሉ ላይ የምትለጥፈው ታናሽ እህቱ ናት። ዛሬ ሁለት እርምጃ ወደ ጫፉ አስጠግታዋለች። አምስት እርምጃ ወደፊት መራመድ ነበረበት፤ በአራተኛው መድረኩ አለቀበት።»

«መድረኩ ሲያልቅ አላየም?»

ዳይሬክተሩ ወደ እህትየው መራት።

እህትየው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የወንድሟን ኮት ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ መታሰሩን አይደለም የምፈራው» አለች። «ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ተሳስቼ ለጥፌው ቢሆንስ? በገዛ እጄ ገድዬው ቢሆንስ?»

«ለምን አላየም፣ ልጄ?»

ልጅቷ ኮቱን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

«ዐይኑ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። እንጀራው እንዳይቀርበት ደበቅነው። ከፕላስተሩ ስር ሲባጎ አስገባለታለሁ፣ በጫማው ይዳስሰዋል። ሲባጎው ላይ ቋጠሮ አለ፤ ግራ እግሩን እዚያ ላይ ያቆምና እርምጃውን ይቆጥራል። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ነገ ሥራውን ሊያቆም ነበር። ለዳይሬክተሩና ለላባ ትናንት ነገራቸው፣ ምክንያቱን ግን አልነገራቸውም።»

ላባ አሥራ ሁለት ዓመት አብራው የደነሰች ሴት ናት። መርማሪዋ ስትገባ መስታወት ፊት ተቀምጣ የፊቷን ቀለም ትጠርጋለች።

«በየትኛው እግር ነበር የምትጀምሩት?»

ላባ ብድግ ብላ አሳየቻት። ቀኝ እግሯ ቀደመ። «እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ጎን ለጎን ነበርን።»

«ዐይኑን ያመው ነበር?»

«ኧረ እሱ! ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ያያል።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። መርማሪዋ እያቃሰተች ተንበርክካ ፕላስተሩን ላጠችው፣ ቀረጻውን ሦስቴ አየችው፣ ከዚያ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። እህትየው ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«የሚያይ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል» አለች መርማሪዋ። «ይህ ወጥመድ የሚይዘው የማያይ ሰው ብቻ ነው። ንፋሱ አያይም ነበር፣ ወጥመዱን ያጠመደውም ሰው ይህን ያውቃል።»

ዳይሬክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አያይም ነበር?»

«እርስዎ ዛሬ ነው የሰሙት፣ ፊትዎ ይናገራል። ደግሞ ከተዛወረው ፕላስተር ስር ሲባጎ አግኝቻለሁ። የንፋሱን እግር ለማሳሳት ሲባጎ እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ሰው፣ ሲባጎ አያስገባም።»

«እንግዲህ የምታውቀው እህቱ ናት፣ አለቀ!»

«አላለቀም። ቋጠሮው በቀኝ በኩል ነው።»

መርማሪዋ ወደ ካሜራው ጠቆመች።

«ቀረጻው ላይ ይታያል። ከመጀመሩ በፊት ግራ እግሩ ቋጠሮውን ፈልጎ አጣው። ቀኝ እግሩ ሲያገኘው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። ታናሽ እህቱ ተሳስታለች ብሎ አለፋት። እሷ ግን አራት ዓመት ሙሉ በግራ የቋጠረች ናት። ይህን የቋጠረው ሰው ቸኩሎ ነበር፣ ሲቸኩል ደግሞ ለራሱ እግር ቋጠረ። እዚህ ካላችሁት በቀኝ የሚጀምር ማን ነው?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ላባ ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች፣ ግን ረፍዶባት ነበር።

«ከሦስት ዓመት በፊት ባዶ እግሬን ስለማመድ ሲባጎውን ረገጥኩት፤ እንደማያይ ያኔ ገባኝ» አለች ቀስ ብላ። «እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። አልነገረኝም። ትናንት ደግሞ አቆማለሁ አለኝ፣ እኔ ምን እንደምሆን እንኳን ሳይጠይቀኝ። ካሜራው እሱን ሲያይ ነበር እኔን የሚያየኝ። ከነገ ወዲያ ማን ያየኛል?»

 በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘዋት ወጡ።

እህትየው የላባን መውጣት እንኳን ያየች አትመስልም። «እትዬ፣ የእኔስ?» አለች። «እኔ የለጠፍኩት የት ነበር?»

መርማሪዋ ክንዷን ይዛ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደቻት። ወለሉ ላይ የተላጠ ፕላስተር ሙጫ ቀርቷል፣ መሃሉ ላይ የሲባጎው መስመር፣ በግራ በኩል የቋጠሮው ምልክት።

«ይኸው። ከጫፉ ስድስት እርምጃ፣ ቋጠሮውም በግራ። አልተሳሳትሽም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች። ዐይኖቿን ጨፍና ግራ እግሯን እዚያ ላይ አሳረፈች። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበርና ያዛት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።