በሩ ክፍት የሚያድረው ፈረስ

አራቱም ሰዎች ለኢንስፔክተር ዲሪቤ የነገሯት የሰኞ ጠዋት እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር።

ጋሼ ደርበው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ። ለጉዳይ ከጎሬ ወደ መቱ ሊሄዱ ስለነበር ደህናውን ኮታቸውን ለበሱ። እንደ ልማዳቸው ከጓዳ ጥቂት ጨው በመዳፋቸው ይዘው ወደ ፈረሳቸው ጋጣ ወጡ። ባለቤታቸው እትዬ ሀረገወይን ቤቱን ቆልፈው ኪዳን ሊያደርሱ ሄዱ። የእትዬ ታናሽ ወንድም ዲበኩሉ በክፍሉ ተኝቶ ነበር። ሠራተኛው ኩማ ማጭዱን አንሥቶ ሣር ሊያጭድ ወረደ። ጎረቤቱ ረድዋን ከአጥሩ ጋር የተያያዘችውን ሱቁን ከፈተ። ካፊያ ጀመረ።

አንድ ሰዓት ላይ ኩማ ሣሩን ተሸክሞ ሲመለስ ፈረሱ ያለ ልጓም፣ ባዶ ራሱን ግቢው መሐል ቆሞ ነበር። ጋሼ ደርበው ጋጣው ደጃፍ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል።

ኢንስፔክተር ዲሪቤ ይህን አራት ጊዜ ሰምታ አራት ጊዜ ጻፈች። ከመቱ የመጣችው በሚኒባስ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጋራዥ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አስከሬኑን ወደ ሆስፒታል የጫነው መኪና መንገድ ላይ ሳያልፋት አልቀረም። እሷ ስትደርስ ግቢውን ከአርባ የማያንስ ሰው ረግጦታል። ጭቃው ላይ የሁሉም የጫማ ዱካ አለ፤ የሚጠቅማት አንድም የለም።

ጋጣው ትልቅ፣ ንጹሕ ነው። በር አለው፤ ግን በሩ ከግድግዳው ጋር በሽቦ ታስሮ ክፍት እንዲሆን ተደርጓል። በሁለቱ መቃኖች ላይ በደረትና በጉልበት ቁመት የእንጨት ማስገቢያ ተመትቷል። ማስገቢያዎቹ ባዶ ናቸው።

«እዚህ የነበሩት አግዳሚዎች የታሉ?» አለች።

«ቃሬዛ ሆኑ» አለ ረድዋን።

«ምን ሆኑ?»

«ቃሬዛ። ጋቢ አሰርንባቸውና ጋሼን እስከ መኪናው ተሸክመን ከነቃሬዛው ጫንናቸው።»

ዲሪቤ ብዕሯን ማስታወሻዋ ላይ ጣለችው። «ሰው የሞተበትን ቦታ ዕቃ!»

«ታዲያ ጋሼን በጭቃ እንጎትታቸው እንዴ፣ እህቴ? ወላሂ ሌላ እንጨት አልነበረም።»

ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ኮማንደር ሁንዴሳ ነበር።

«ፈረሱ ነው የረገጣቸው አይደል? ሠራተኛው አግዳሚውን በደንብ አልዘጋም፣ ፈረሱ ገፍቶ ወጣ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ጨርሺና ነይ።»

«ጌታዬ፣ ገና አግዳሚዎቹን እንኳ አላየሁም።»

«ረቡዕ አራት ሰዓት ሠራተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። እስከዚያ ሌላ ነገር ካገኘሽ አምጪ። ካላገኘሽ ፈርሚ።»

ኩማ ጎሬ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል። አርባ ዓመት ያለፈው፣ እጀ ሰፊ ሰው ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ዲሪቤ በኦሮምኛ ብትጀምርለትም እሱ በአማርኛ መለሰ፤ በጋሼ ቤት የለመደው ቋንቋ ነዋ።

«ሽብልቆቹን ማታ በመዶሻ መትቻለሁ። ዋቃ ያውቃል። አግዳሚው ላይ ሽብልቅ ከገባ ፈረስ በአፍንጫው ቢገፋውም አይነሣም። የምንመታውም በውጭ በኩል ነው፣ አፉ እንዳይደርስበት።»

«ጠዋትስ ማን አወጣው?»

«እኔ የለሁማ። ደግሞ የሚወጣው በሥርዓት ነው። መጀመሪያ ታችኛው፣ ከዚያ ላይኛው። ፈረሱ ከመጣ ከዘጠኙ ዓመት ስምንቱን እንደዚያ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ኩማ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። «ላይኛው ቀድሞ ከወጣ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን ሊዘል ይሞክራል። በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ሆኖ ቅልጥሙን ላጠው፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ጋሼ ያን ቀን አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ የሚነካ ሁሉ ከታች ነው የሚጀምረው።» ከዚያ ጠየቃት፤ «ዛሬ ሣር ማን ሰጠው?»

«ራስህን አታስብም?»

«እኔማ ራቴን በልቻለሁ፣ አዴ።»

ማክሰኞ ቀብር ሆነ። ዝናቡ ከማለዳ እስከ ማታ አላባራም። ዲሪቤ ድንኳኑ ውስጥ አንድን ሰው ለብቻ ለማነጋገር በሞከረች ቁጥር ሌላ ሰው መጥቶ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፤ የሟች ዘመድ መስላቸዋለች። ሆስፒታል ደውላ ሐኪሙን ጠየቀች።

«በዱልዱም ነገር ማጅራታቸውን ተመተዋል» አላት።

«ኮቴ ነው ወይስ እንጨት?»

«ኮቴም ሊሆን ይችላል፣ እንጨትም ሊሆን ይችላል።»

«ከሁለቱ አንዱን ንገረኛ!»

«እኔ ሎተሪ አላወጣም፣ ኢንስፔክተር።»

ከጋሼ ደርበው ኮት ኪስ የተገኘው ወረቀትም ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ፈስሷል። የሚነበበው «ሰኞ ሦስት ሰዓት» የሚለውና የአንድ ቦታ ንድፍ ጥግ ብቻ ነው።

ወደ ማምሻው እትዬ ሀረገወይንን ሳሎን ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው። ፊታቸው ደርቋል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሳሉ።

«በሩን ለምን ክፍት አደረጉት?»

«ሲዘጋበት ያስለዋል፤ ግድግዳውንም ይራገጣል። አየርና ብርሃን ይፈልጋል ብሎ የእንስሳት ሐኪም ነገራቸው። ሰው ሁሉ ሣቀባቸው። በሩን ክፍት አድርጎ ፈረስ የሚያሳድር አይተሽ ታውቂያለሽ? ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በርጩማ ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እግሩን ወደ ውጭ ሲያነሣ ይመልሱታል፤ ሲቆም ጨው ይሰጡታል። በኋላ አግዳሚው ቢወጣም ልጓም ገብቶለት ካልተመራ አይወጣም ይሉኝ ነበር።»

«እርስዎ አይተዋል?»

«እሳቸው አይዋሹኝም።»

ዲሪቤ ዓይኗን በግድግዳው ችንካር ላይ ወደተሰቀለው ልጓም አነሣች። «ልጓሙ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚሰቀለው?»

«ጋጣው ውስጥ ሲሆን ይሰረቃል። ሰኞ ዕለት ወለሉን መጥረግ ነበረብኝ፤ ከልጓሙ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ለቀስተኛ ሊገባ ነው፣ ሰው እንዳያንሸራትተው ብዬ።»

ዲሪቤ መጻፏን አቆመች። «መቼ ነው የጠረጉት?»

«ከቤተ ክርስቲያን ተጠርቼ እንደመጣሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ።»

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የዲበኩሉ። ደርበው ቁልፍ ይጠፋባቸዋል።»

ይህን ብለው እጃቸውን እንደገና አጣጠፉ። ምን እንደተናገሩ የገባቸው አይመስልም፤ ወይም ሊገባቸው አልፈለጉም።

ዲበኩሉ በረንዳው ላይ ነበር። በመሬት ጉዳይ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ጫማው ለቅሶ ውስጥም ተወልውሏል። «እኔ ፈረስ አልወድም» አላት። «ጋጣው ጋ ደርሼ አላውቅም። ከኩማ ጩኸት በፊትም ከአልጋዬ አልወረድኩም። ስንት ጊዜ ልናገር?»

ስትወጣ ረድዋን የሱቁ ደጃፍ ላይ ጠበቃት።

«እህቴ፣ ስለ ቃሬዛው ተቆጥተሽኝ አልተኛሁም። እንጨቱን ከማንሣታችን በፊት በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ነበር። ለፖሊስ ይጠቅማል ብዬ ነው። ሚስቴ ሬሳ ፎቶ ታነሣለህ ብላ ስትጮህብኝ አፍሬ ደበቅሁት።»

ዲሪቤ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትይዘው ነገር አገኘች። «ሁለት ቀን ሙሉ!» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ ኪስህ ውስጥ?»

«ተቆጪ፣ ግዴለም።»

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ጋጣው ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ከሆስፒታል የተመለሱት አግዳሚዎች በቦታቸው ገብተዋል፤ ሽብልቆቹም ተመትተዋል። ዳማ፣ ቀይ ቡናማው ፈረስ፣ አንገቱን በላይኛው አግዳሚ አሳልፎ ሰዎቹን ያያል። ኮማንደር ሁንዴሳ ኩማን በካቴና ይዞ መጥቷል፤ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

ዲሪቤ ፈረሱን አስቀድማ ልትሞክረው ይገባ ነበር፤ ለቀስተኛው ከግቢው አልወጣ ብሎ አልቻለችም። አሁን ፈረሱ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ከሄደ ኩማም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

«አራታችሁም ተራ በተራ አግዳሚዎቹን አውጡልኝ» አለች። «ኩማ፣ ጀምር።»

ካቴናው ተፈታለት። ኩማ ሽብልቆቹን አንኳኩቶ ታችኛውን አወጣ፤ ቀጥሎ ላይኛውን። መልሶ አስገባ። እትዬ ሀረገወይን ተከተሉ፤ እሳቸውም ከታች ጀመሩ። ረድዋን ላይኛውን ይዞ ጎተተ። «ስህተት ነው እንዴ?» አለ። ዲበኩሉ የኩማን እጅ ሲመለከት ቆይቶ ነበር፤ ከታች ጀመረ።

«ፈጥነህ ተማርክ» አለች ዲሪቤ። ኮማንደሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

ሁለቱ አግዳሚዎች መሬት ላይ ነበሩ። በፈረሱና በግቢው መካከል ምንም የለም። ዳማ ወደ ፊት መጣ፤ ኮቴው ደጃፉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዲሪቤ ኩማ ሰኞ ካጨደው ሣር አንድ እቅፍ አንሥታ አምስት እርምጃ ርቃ አስቀመጠችለት። ፈረሱ አንገቱን አስረዘመ፣ አፍንጫውን ነፋ። አልወጣም።

ዲሪቤ ወደ ኮማንደሩ ዞረች። «ጌታዬ፣ ይህ ፈረስ ገፍቶ አልወጣም። አግዳሚው ተከፍቶለትም አይወጣም። ስለዚህ ልጓም አግብቶ የመራው ሰው አለ። ጋሼ ደርበው አይደሉም፤ እሳቸው የለበሱት የመንገድ ልብስ ነው። ደግሞ የሞተ ሰው ልጓም አውልቆ ሳሎን አይሰቅልም።»

«ልጓሙ ሳሎን ነበር እንዴ?» አለ ኮማንደሩ።

«ውኃ እየተንጠባጠበ። ካፊያው የጀመረው እትዬ ከሄዱ በኋላ ነው። ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ኩማ የለውም፣ ረድዋን የለውም። እትዬን ኪዳን ላይ ካህኑም ምእመኑም አይተዋቸዋል፤ እስኪጠሩ ድረስ አልወጡም።»

ማንም ወደ ዲበኩሉ ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

ዲሪቤ የረድዋንን ስልክ ለኮማንደሩ ሰጠች። «ይኸ ፎቶ የተነሣው ሰው ምንም ሳይነካ ነው። አንዱ አግዳሚ መሐሉ ተግጧል፤ ዳማ ሲሰለቸው የሚግጠው ላይኛውን ነው። እዩት፣ የተጋጠው ከሥር ነው፤ ታችኛው በላዩ ተጥሏል። ያወጣው ሰው ከላይ ጀምሯል። ከዚህ ቤት ሰዎች መካከል ሥርዓቱን የማያውቅ አንድ ብቻ ነው፤ ጋጣው ጋ ደርሼ አላውቅም ያለኝ።»

«ወረቀት እኮ አለ» አለ ኮማንደሩ ቀስ ብሎ። «ከኮታቸው የተገኘው።»

«ንድፉን ትናንት በስልክ አጣራሁ። ጋጣው ያረፈበት የጓሮ መሬት ባለፈው ዓመት በዲበኩሉ ስም ዞሯል። ጋሼ ደርበው ሰኞ ሦስት ሰዓት መቱ የተቀጠሩት ፋይሉን ሊያዩ ነው። እንደምገምተው ጠዋት ጋጣው ጋ ተገናኙ። መሄድ የለብዎትም አላቸው። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ለፈረሱ ጨው መስጠት ቀጠሉ። ከዚያ ላይኛውን አግዳሚ መዝዞ መታቸው። ታችኛውንም አወጣ፤ ፈረሱ ሮጦ ይወጣና ሁሉም በእሱ ይላከካል ብሎ ጠበቀ።»

«አልወጣም አለ» አለ ዲበኩሉ።

ድምፁ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር። ዓይኑ ያለው ፈረሱ ላይ ነው።

«በእጄ ጎሸምኩት፣ ጮህኩበት። ቆሞ ያየኛል። በሩ ክፍት ነው፣ ምንም የሚያግደው የለም፣ አልወጣም አለ! ልጓም ላመጣ...» እዚህ ላይ የሚናገረውን ሰማና አቆመ።

እትዬ ሀረገወይን ወደ ወንድማቸው አንድ እርምጃ ሄዱ። «ዲቤ፣» አሉት፤ የልጅነት ስሙ ነው። «ልጓሙን መልሰህ ሰቀልከው?»

«በልማድ፣ እቴቴ።»

«እኔ ጠረግኩት እኮ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤት ገቡ።

ከኩማ እጅ የተፈታው ካቴና ዲበኩሉ እጅ ላይ ገባ። ኮማንደሩ ለዲሪቤ «ደህና» አላት። ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ቃል ይኸው ብቻ ሆኖ አገኘችው። መኪናው ከእስረኛው ጋር ስለሞላ ወደ መቱ የምትመለሰው በሚኒባስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ የቀሩትን ፊርማዎች ልታስፈርም ስትመጣ፣ ኩማ ሣሩን አጭዶ አምጥቶ ነበር። ጋጣው ክፍት ነው። ሁለቱ አግዳሚዎች በቦታቸው ናቸው፣ ሽብልቆቹም ተመትተዋል። ልጓሙ ሳሎን ተሰቅሏል። ዳማ አንገቱን በላይኛው አግዳሚ አሳልፎ ወደ ቤቱ በር ይመለከታል። እትዬ ሀረገወይን በሩ ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ምንም አልያዙም።

ጨው ይዞለት የሚመጣው ሰው የለም።